የተማሪ መዝገብ ተመልሶ ሲመጣ፦ የማረጋገጫ ስሕተት መልእክት አወጣጥና አነባበብ

ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ስም፣ ዕድሜና ውጤት በወረቀት መዝገብ ላይ ብቻ ያሠፍሩ በነበረበት ጊዜ የመዝገቡን ትክክለኛነት የሚመረምረው ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት የተላከው ቅጽ ጉድለት የተገኘበት እንደሆነ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስሕተቱን በቀይ ቀለም አክብቦ፣ ምክንያቱንም በኅዳጉ ላይ ጽፎ ይመልሰዋል። ርእሰ መምህሩም ኅዳጉን አንብቦ ያርማል። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረበት ቦታ ሁሉ ይህን ምርመራ ዛሬ የሚያከናውነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም እንደ ሰውየው ሁሉ ጉድለት ያለበትን መዝገብ አይቀበልም፤ ምክንያቱንም አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝር ይጽፋል። ነገር ግን ያ ዝርዝር ከመዝጋቢው ዓይን ሳይደርስ በመንገድ ላይ የሚጠፋበት አጋጣሚ ብዙ ነው። መዝጋቢው የሚያየው «አልተሳካም» የሚል አንድ ቃል ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም አያይም።

ይህ ጉዳይ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በመዝገብ ውስጥ ያልገባ ተማሪ በመጽሐፍ ክፍፍልም ሆነ በፈተና ምዝገባ አይቈጠርም። ዕቅድ አውጪውም በእጁ የገባውን ቍጥር እንጂ በመንገድ የቀረውን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ፕሮግራም መጻፍ ባይጠበቅባቸውም፣ የተመለሰ መዝገብ ምክንያቱ የት እንደሚጻፍና ከየት እንደሚገኝ ማወቃቸው ተገቢ ይሆናል።

የመልእክቱ መንገድ

መዝጋቢው በገጹ ላይ የተማሪውን ዝርዝር ሞልቶ «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫን ጽሑፉ በቀጥታ ወደ መረጃ ማከማቻው አይገባም። በፊቱ ያለው ፕሮግራም የተሞላውን ሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አሰናድቶ፣ በሌላ ቦታ ለሚገኘው ሰርቨር ይልካል። ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገናኙበት ስምምነት ኤ.ፒ.አይ. ይባላል። ይኸውም ምን ዓይነት ጥያቄ በየትኛው አድራሻ እንደሚቀርብና ምላሹ በምን መልክ እንደሚመለስ የሚወስን ነው።

ሰርቨሩ የደረሰውን መዝገብ ከማስቀመጡ በፊት ያጣራል። መሞላት የሚገባው ዐምድ ባዶ መሆን አለመሆኑን፣ ቍጥር በሚጻፍበት ቦታ ፊደል ገብቶ እንደሆነ፣ የፈተና ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን፣ የተማሪው መለያ ቍጥር አስቀድሞ ለሌላ ተሰጥቶ እንደሆነ ይመለከታል። ሁለት ዐምዶችን አስተያይቶ የሚፈርድበትም ጊዜ አለ፤ ተማሪው የተዛወረበት ቀን ከተመዘገበበት ቀን ቀድሞ ቢገኝ እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ትክክል ቢሆንም መዝገቡ ተቀባይነት አያገኝም።

ከዚህ በኋላ የሚመለሰው ምላሽ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የምላሽ ቍጥር ነው። በ2 የሚጀምሩ ባለ ሦስት አኃዝ ቍጥሮች ጥያቄው መፈጸሙን፣ በ4 የሚጀምሩት በጥያቄው ላይ ጉድለት መኖሩን፣ በ5 የሚጀምሩት ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ መታወኩን ያመለክታሉ። ለማረጋገጫ ስሕተት በብዛት የሚያገለግሉት 400 እና 422 ናቸው። 422 በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሰነዶችን በድር ላይ ለማረም በታቀደ ተጨማሪ ደንብ ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው አጠቃላይ የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ደንብ ውስጥ ተካቷል። ትርጉሙም «የላካችሁትን ማንበብ ችያለሁ፤ ይዘቱን ግን ልፈጽመው አልችልም» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የምላሹ አካል ነው። የትኛው ዐምድ በምን ምክንያት እንደተነቀፈ የሚጻፈው በዚህ ውስጥ ነው።

መምህራን ልዩነቱን በቀላሉ ይረዱታል። ቍጥሩ በተማሪ ደብተር ላይ እንደሚደረግ የኤክስ ምልክት ነው፤ አካሉ ደግሞ ከምልክቱ ጎን የሚጻፈው የእርማት ማስታወሻ ነው። ምልክቱን ብቻ ያየ ተማሪ መሳሳቱን እንጂ ምን ላይ እንደተሳሳተ አያውቅም።

መልእክቱ የሚጠፋባቸው ቦታዎች

ማስታወሻው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሰርቨሩ ውስጥ ሳይሆን ምላሹን በሚቀበለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በድር መክፈቻዎች ውስጥ ጥያቄ ለመላክ የሚያገለግለው ፌች የተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ 422 ሲመለስለት ሥራው እንደከሸፈ አይቈጥረውም። ለእርሱ ክሽፈት ማለት መሥመሩ ተቋርጦ ምላሽ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው የምላሹን ቍጥር ራሱ ካልመረመረ በስተቀር፣ ሰርቨሩ «አልቀበልም» ያለውን መዝገብ ገጹ «ተቀምጧል» ብሎ ሊያበሥር ይችላል። አክሲዮስ የተባለው ሌላው መሣሪያ በተቃራኒው 422 እንደመጣ ክሽፈትን ያውጃል። ይሁን እንጂ ከዐዋጁ ጋር የሚመጣው ዐረፍተ ነገር ጥያቄው በ422 ቍጥር አለመሳካቱን ከመግለጽ አያልፍም። ትክክለኛው ምክንያት በስሕተቱ ውስጥ በተያዘው ምላሽ፣ በምላሹም ውስጥ ዳታ በተባለው ክፍል ይገኛል። ብዙ ገጾች ግን የላይኛውን ዐረፍተ ነገር ለመዝጋቢው አሳይተው የታችኛውን ይተዋሉ።

በሰርቨሩ በኩልም መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ። ሩቢ ኦን ሬይልስ በተባለው የፕሮግራም ማዕቀፍ «አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝ ማረጋገጫው ሲከለክለው ጩኸት ሳያሰማ «ሐሰት» የሚል መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ምክንያቶቹ በመዝገቡ ላይ ኤረርስ በሚባል ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣሉ። መልሱን ያልተመለከተ ጸሐፊ ዝርዝሩንም አይከፍተውም። ላራቬል የተባለው ማዕቀፍ ደግሞ የሚመልሰው ጠያቂው ማን እንደሆነ አይቶ ነው። የጥያቄው ራስጌ ምላሹ በጄሰን እንዲሆን የሚገልጽ ከሆነ 422 ከነዝርዝሩ ይልካል፤ ካልሆነ ግን ጠያቂው ገጽ የሚያይ ሰው መስሎት ወደ መጣበት ገጽ ይመልሰዋል። ጠያቂው ፕሮግራም ከሆነም የተመራበትን ገጽ ተከትሎ ሄዶ 200 ቍጥር ያለው ሙሉ ገጽ ያገኛል፤ ሥራውም የተሳካ ይመስለዋል። በጥያቄው ራስጌ ላይ አንድ መሥመር መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የዝርዝሩ ቅርጽም ከማዕቀፍ ማዕቀፍ ይለያያል። የጃንጎ ሬስት ማዕቀፍ 400 ይልክና በእያንዳንዱ ዐምድ ስም ሥር የስሕተቶቹን መልእክቶች ይደረድራል። ሁለት ዐምዶችን በማስተያየት የተገኘውን ስሕተት ግን በየትኛውም ዐምድ ሥር ስለማያስገባው ለብቻው በተለየ ስም ያኖረዋል። ከየዐምዱ ሥር መልእክት እየፈለገ የሚያሳይ ገጽ ይህን የመጨረሻውን አያገኘውም። መዝጋቢው ሁሉም ዐምድ ያለ ቀይ ምልክት እያየ መዝገቡ ግን አልገባ ይለዋል።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የስሕተት ምላሽ የጋራ አጻጻፍ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አሻሽለው በቍጥር 9457 አሳተሙት። በዚህ አጻጻፍ የስሕተቱ ዓይነት፣ አጭር ርእሱ፣ የምላሽ ቍጥሩና ዝርዝር መግለጫው የየራሳቸው ስም አላቸው። ደንቡ ራሱ በሰጠው ምሳሌ ብዙ የማረጋገጫ ስሕተቶች በአንድ ምላሽ ውስጥ ሲደረደሩ፣ እያንዳንዱ መግለጫውንና ጉድለቱ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ጠቋሚ ይዟል። ዝርዝር መግለጫው ለሰው የተጻፈ በመሆኑ ፕሮግራሞች ቃላቱን እየበተኑ ትርጉም እንዳይፈልጉበት ደንቡ ያሳስባል። የገጹን መልእክት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ ለማሳየት የሚፈልግ መሥሪያ ቤትም ትርጉሙን ማያያዝ ያለበት ከማይለወጠው የስሕተት መለያ ጋር እንጂ ዛሬ ተጽፎ ነገ ሊታረም ከሚችለው ዐረፍተ ነገር ጋር አይደለም።

ስለ ጠቋሚው አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። በጄሰን ጠቋሚ አቈጣጠር የመጀመሪያው 0 ነው። በመሆኑም ሪፖርቱ ስሕተቱ በተማሪ 36 ላይ ነው ቢል የተነቀፈው 37ኛው ተማሪ ነው። መዝገቡ የዐምድ ርእሶች ከተጻፉበት ሠንጠረዥ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ተማሪው የሚገኘው በ38ኛው ረድፍ ላይ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ 36ኛውን ረድፍ ያረመ መዝጋቢ ትክክለኛውን የሌላ ተማሪ መዝገብ አበላሽቶ የተበላሸውን እንዳለ ይተወዋል።

በጅምላ የሚላክ መዝገብ

ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መጀመሪያ መዝገባቸውን የሚልኩት አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ በመሆኑ የምላሹ አነባበብ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓት ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ለጤና መረጃ የተጀመረ ሥራ ሲሆን ዛሬ የሚዘጋጀው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ነው። በኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር ይጠቀምበታል፤ ጋምቢያንና ዩጋንዳን የመሳሰሉ አገሮች ደግሞ ለትምህርት መረጃም ሥራ ላይ አውለውታል።

በዚህ ሥርዓት የግለሰቦችን መዝገብ የሚቀበለው ትራከር የተባለው ክፍል፣ በሌላ መልክ ካልታዘዘ በስተቀር፣ የተላከለትን ጥቅል ወዲያውኑ አያጣራም። ጥቅሉን ተረክቦ የሥራ መለያ ይሰጥና ማጣራቱን በኋላ ያከናውናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመጣው 200 ቍጥር የርክክብ ደረሰኝ እንጂ የመቀመጥ ማረጋገጫ አይደለም። ላኪው ፕሮግራም በተሰጠው መለያ እንደገና ጠይቆ ሪፖርቱን ማምጣት አለበት። በሪፖርቱ ውስጥ ስንት መዝገብ እንደተፈጠረ፣ ስንቱ እንደታደሰና ስንቱ እንደታለፈ ይቈጠራል፤ በማረጋገጫው ክፍልም የእያንዳንዱ ስሕተት መለያ፣ መልእክቱና የተነቀፈው መዝገብ ይዘረዘራሉ። በደረሰኙ ረክቶ ሥራውን የዘጋ ላኪ ይህን ሁሉ ሳያይ ይቀራል።

ሁለት ምርጫዎች በተለይ የዕቅድ ባለሙያዎችን ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ጥቅሉ እንደ አንድ አካል ይታይ ወይስ እያንዳንዱ መዝገብ ለየብቻ የሚል ነው። በተለመደው አሠራር ከ800 ተማሪዎች የአንዱ መዝገብ ቢነቀፍ 800ውም አይገቡም። በሌላኛው አሠራር የተነቀፈው ብቻ ወጥቶ የቀሩት ይገባሉ። ሁለተኛው ምቹ መስሎ ቢታይም አደጋው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ምንም ያልገባለት ትምህርት ቤት መጮኹ አይቀርም፣ 793ቱ የገቡለት ግን የቀሩትን 7 ላያስተውል ይችላል። ሁለተኛው ምርጫ የሙከራ ምርመራ ነው፤ ሥርዓቱ ምንም ሳያስቀምጥ ሁሉንም አጣርቶ የስሕተቶቹን ዝርዝር እንዲመልስ ማዘዝ ይቻላል። ይህ መንገድ ለትምህርት ቤቶች እጅግ የሚስማማ ሆኖ ሳለ ጥቂቶች ብቻ ሲጠቀሙበት መታየቱ ያስገርማል።

የተነቀፉት ብቻ ወጥተው የቀሩት በገቡበት አሠራር፣ የተነቀፉት ከታረሙ በኋላ መልሶ መላክ ያለበት እነርሱን ብቻ ነው። መዝገቦቹ የማይደገም መለያ ከሌላቸው፣ ሁሉንም እንደገና መላክ አንዱን ተማሪ ሁለት ያደርገዋል።

የቀን አቈጣጠርና የተሸሸገው ስሕተት

የማረጋገጫ መልእክትን ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጽ የሚያሳየው የትውልድ ቀን ነው። አብዛኞቹ ሥርዓቶች ቀንን የሚቀበሉት በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ዓመት ወር ቀን በሚል ቅደም ተከተል ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2፣ በገጽ ላይ የኢትዮጵያን አቈጣጠር እንዲያሳዩ ሊደረጉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በገጽ ላይ የሚታየው አቈጣጠርና ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት አጻጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ትምህርት ቤት በ2010 ዓ.ም. የተወለዱ ሕፃናትን መዝገብ፣ ቀኑን ሳይለውጥ እንደተጻፈ፣ የአውሮፓን አቈጣጠር ወደሚጠብቅ ሥርዓት ላከ እንበል። ሥርዓቱ የዕድሜ ገደብ የለውም። የትኞቹ መዝገቦች ይመለሳሉ? ጳጉሜን 3 የተወለደችው ልጅ መዝገብ «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ተብሎ ይመለሳል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናትና። ጥቅምት 30 የተወለደው ልጅም ይመለሳል፤ ጥቅምት 2ኛ ወር በመሆኑ ሥርዓቱ 28 ቀን ብቻ እንዳለው የአውሮፓ ፌብሩዋሪ አድርጎ ያነበዋል። የጥቅምት 29ም ዕጣ ይኸው ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ የሚነቀፉት የጳጉሜን 5 ቀናትና የጥቅምት 2 ቀናት፣ በድምሩ 7 ቀናት ናቸው። ልደቶች በዓመቱ ውስጥ እኩል ተሠራጭተው ቢሆን ከ1000 ተማሪዎች 19 ያህሉ ይመለሳሉ ማለት ነው።

ከባዱ ነገር የቀሩት 981 ያህል ተማሪዎች መዝገብ ነው። ያለ አንዳች ተቃውሞ ገብቷል፤ ነገር ግን የሁሉም የትውልድ ቀን ስሕተት ነው። በአውሮፓ 2017 ወይም 2018 የተወለደ ሕፃን በ2010 እንደተወለደ ተቈጥሮ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያህል ዕድሜ ተጨምሮበታል። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ በሥርዓቱ ዘንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎችን ቍጥር ያሰላ ባለሙያ የሚደርስበትን መደምደሚያ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የ19ኙ ተማሪዎች መመለስ የ1000ውን ስሕተት የሚናገር ብቸኛ ምልክት ነበር። መልእክቶቹ በዝርዝር ቢታዩ፣ የተመለሱት ሁሉ የጳጉሜንና የጥቅምት መጨረሻ ልደቶች መሆናቸውን ማንኛውም መምህር በአንድ ጊዜ ያስተውል ነበር። «አልተሳካም» የሚል ቃል ብቻ የታየው መዝጋቢ ግን ሲሞክር ውሎ፣ ቀኑን ወደ 28 ቢያወርደው ወይም ወሩን 12 ቢያደርገው እንደሚገባለት ያገኛል። 19ኙም እንዲሁ ይገባሉ፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ምልክቱም ይጠፋል። መዝጋቢው በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ሥራውን እንዲጨርስ ታዝዟል፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረውም።

ሥርዓቱ የዕድሜ ገደብ ያለው ቢሆን ኖሮ ሁሉም መዝገብ ይነቀፍ ነበር፤ መልእክቱ ግን ስለ ዕድሜ እንጂ ስለ አቈጣጠር አይናገርም። «ዕድሜ ከተፈቀደው በላይ ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው ትምህርት ቤቱ ጎረምሶችን አንደኛ ክፍል አስገብቷል ብሎ እንዳይወቅስ፣ የልዩነቱን መጠን ማስላት ይኖርበታል። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ አቈጣጠሩ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።

ስምን በተመለከተም ተመሳሳይ ነገር አለ። የቤተ ሰብ ስም የሚጠይቅ ሥርዓት የአባትና የአያት ስም ለሚጻፍለት ተማሪ የሚያቀርበው ነቀፌታ መዝጋቢው እንደ ተመቸው እንዲሞላ ይገፋፋዋል። በሌላ በኩል ማረጋገጫው ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በስም ብቻ ድግግሞሽን የሚፈልግ ማጣሪያ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ይቀበላቸዋል።

የመልእክቱ አጻጻፍ

መልእክቱ ከመንገድ ቢተርፍም የማይነበብ ከሆነ ጥቅም አይሰጥም። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚለው አነጋገር በብዙ ገጾች ይታያል፤ ለማንም ምንም አይነግርም። «በትውልድ ቀን ዐምድ ወሩ 13 ተብሎ ተመዝግቧል። ሥርዓቱ የሚቀበለው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1 እስከ 12 ያለውን ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ከሆነ የሌሎቹንም ተማሪዎች ቀን ይመርምሩ» የሚለው ግን ቦታውን፣ የገባውን፣ የሚፈለገውንና ቀጥሎ የሚደረገውን ያሳያል። ሁሉም ስሕተቶች በአንድ ጊዜ መታየታቸውም አስፈላጊ ነው፤ አንዱን አርሞ ሲጨርስ ሌላ እየተነገረው አምስት ጊዜ የተመላለሰ መዝጋቢ ስድስተኛውን አይጠብቅም። በአንጻሩ መልእክቱ ከሚገባው በላይ መናገር የለበትም። የመለያ ቍጥሩ አስቀድሞ መያዙን መግለጽ ይበቃል እንጂ የማን እንደሆነ ስምና ትምህርት ቤት ጠቅሶ መንገር የሌላውን ተማሪ ምሥጢር ማውጣት ይሆናል።

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የመዝገብ ሥርዓት ሲረከብ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ትክክለኛ መዝገብ ሲገባ ነው። ከዚህ ይልቅ ሆን ተብሎ የተበላሹ ጥቂት መዝገቦችን አሰናድቶ መላክ የተሻለ ያስረዳል፦ ስም የሌለው አንድ፣ ውጤቱ 140 የሆነ አንድ፣ ከተመዘገበበት ቀን በፊት የተዛወረ አንድ፣ አስቀድሞ የተያዘ መለያ ቍጥር ያለው አንድ፣ በጳጉሜን የተወለደ አንድ። እነዚህን ከ20 ጤናማ መዝገቦች ጋር ቀላቅሎ በአንድ ጥቅል ሰድዶ፣ በርክክቡ ላይ ፕሮግራም ጸሐፊው ሳይሆን መዝጋቢው ራሱ ገጹን እያየ አምስቱን ከነምክንያታቸው እንዲጠራ መጠየቅ ይቻላል።